ወልድያ ላይ የመጀመሪያውን ኢሞ የቆረጥኩ እኔ ነኝ

ሥራ የጀመርኩ ቀን መቀስ አላስነኩኝም። መጥረጊያ ነው የሰጡኝ። መርሳ ነው፣ አስፋልቱ ዳር፣ ሚኒባሶቹ ከሚቆሙበት ፊት ለፊት። የፀጉር ቤቱ ባለቤት ጋሽ ይማም ይባላሉ። ያኔም ሽበታም ነበሩ፣ አሁንም ሽበታም ናቸው፤ ሲወለዱም ሽበት ይዘው ሳይወለዱ አልቀሩም።

«ጀማል፣» አሉኝ፣ «ዛሬ የምትጠርገውን ፀጉር ልብ ብለህ እየው። የቱ ከርዳዳ ነው፣ የቱ ለስላሳ ነው፣ የቱ ቀለም ተቀብቷል? ስንዘጋ ትነግረኛለህ።»

«ፀጉር እኮ ፀጉር ነው ጋሽ ይማም።»

«እንግዲያው አንተም መጥረጊያ ነህ።»

እኔ ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ትምህርት ቤቱ አላባረረኝም፣ እኔ ነኝ ያባረርኩት፤ ይሄ ይታወቅልኝ። ግን ያን ዕለት የጠረግኩትን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ጋሽ ይማም ዝም ካሉ ወደዱህ ማለት ነው።

በኛ ቤት ማዕረግ አለ። መጀመሪያ ጠራጊ፣ ቀጥሎ አጣቢ፣ ቀጥሎ ሁለተኛ ወንበር፣ ከዚያ አንደኛ ወንበር። ሌላው እስከ ሁለተኛ ወንበር ሦስት ዓመት የሚፈጅበትን እኔ በዓመት ከመንፈቅ ጨረስኩት። ጋሽ ይማም «ሁለት ዓመት ከግማሽ ነው» ይላሉ። እርጅና ነው።

መጀመሪያ የቆረጥኩት ሰው አንድ የሹፌር ረዳት ነበር። ቶንዶዙን፣ በመብራት የሚሠራውን መቁረጫ፣ አንስቼ የርዝመት ቁጥሩን ሳልገጥምበት ጎኑ ላይ ሰደድኩት። ከመርሳ ግራና የሚወስድ መንገድ ከፈትኩለት። ሰውዬው በመስታወት አየና «ይሄ ምንድነው?» አለኝ። «አዲስ የገባ ነው፣ ገና መርሳ አልተለመደም» አልኩት። በሌላኛውም ጎን መንገድ ከፈትኩለትና ወጣ። በሳምንቱ ሁለት ጓደኞቹ «እንደሱ አርገን» ብለው መጡ፣ ወላሂ።

በኋላ ጋሽ ይማም ቤቱን ወልድያ አዛወሩት፣ ባጃጆቹ ከሚሰለፉበት አጠገብ። እኔም ሁለተኛ ወንበር ሆኜ ተከተልኩ። ቢኒን ያገኘሁት እዚያ ነው።

ቢኒያም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ቀጭን፣ ጨዋ፣ ሲናገር ድምፁ የማይሰማ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ስልኩን ሰጠኝ። ፎቶ ነው። አንድ ነጭ ልጅ፣ ፀጉሩ ጥቁር፣ ግንባሩ ላይ ወርዶ አንድ ዓይኑን ሸፍኖታል።

«ጄሚ፣ ይሄን ትችላለህ?»

«ዓይኑን ምን ሆኖ ነው?»

«ምንም አልሆነም። ኢሞ ነው።»

«ይድናል?»

«ሙዚቃ ነው አቦ! ሙዚቃውን የሚሰሙ ልጆች እንዲህ ነው የሚቆረጡት።»

አልችልም የሚል ቃል እኔ አፍ ውስጥ የለም። ችግሩ ፀጉሩ ነው። የነጩ ፀጉር ወደ ታች ይወርዳል፣ የኛ ወደ ላይ ነው የሚሄድ። ስለዚህ «ሂድና ሦስት ወር አሳድገህ ና» አልኩት። እሱ ሲያሳድግ እኔ ሳጠና ቆየሁ። ከጎናችን ካለው የሴቶች ፀጉር ቤት ፒያስትራ ተዋስኩ፤ ሴቶቹ ፀጉር የሚተኩሱበት እንደ መቆንጠጫ ያለ ብረት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ታጥበዋለህ፣ በደንብ ታደርቀዋለህ። እርጥብ ላይ ፒያስትራ ካሳረፍክ ፀጉር አይደለም ጥብስ ነው የሚሆነው። ቅባት በጣት ጫፍ ብቻ። ከዚያ በቀጭን በቀጭኑ እየከፈልክ ከሥር ወደ ጫፍ ትስባለህ። መጨረሻ ላይ በመቀስ ሳይሆን በምላጭ፣ ከግራ ጆሮ ተነስተህ ወደ ቀኝ ዓይን አግድም ታወርደዋለህ። ዝናብ እስኪመታው ድረስ ነጩን ልጅ ያስንቃል። ዝናብ ከመታው ግን ወዲያው ተጠቅልሎ ወደ አፍሮው ይመለሳል፤ እሱን አላህ ነው የሚያውቀው፣ እኔ የለሁበትም።

ከደሴ እስከ ቆቦ ከኔ በፊት ኢሞ የቆረጠ ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ። እስካሁን የመጣ የለም።

ቢኒን ያዩ ሌሎችም መጡ። ባንድ ወር ውስጥ ሰባት ሆኑ። ከሰልባጅ የተገዛ ጥቁር ቲሸርት፣ እግር ላይ የተሰፋ የሚመስል ጥቁር ሱሪ፣ ከሥር ዓይን ላይ ኩል። አግዳሚው ላይ ተደርድረው አንዱን ማዳመጫ ለሁለት ይካፈላሉ። ጋሽ ይማም መጀመሪያ ፈሯቸው። በኋላ ግን ሽማግሌ ሲገባ ሰባቱም እንደ ወታደር ብድግ ሲሉ አዩና «ጨዋ ናቸው። አንድ ዓይንም ይበቃቸዋል» አሉ።

አንድ ቀን ቢኒ አንዱን ማዳመጫ ለኔ ሰጠኝ። መጀመሪያ ሰውዬው ሚኒባስ እንደሚጠራ ረዳት ይጮሃል። ቀጥሎ ዝቅ ብሎ ያለቅሳል። ቀጥሎ ደግሞ ይጮሃል።

«ምን አርገውት ነው?»

«ሴት ትታው ሄዳ ነው።»

«ታዲያ እኛ ጋ ይሄ ትዝታ ነው የሚባለው። የኛ ሰው ቁጭ ብሎ ነው የሚያለቅስ፣ ይሄ ዘሎ ዘሎ ነው የሚያለቅስ። ልዩነቱ ይኸው ነው።»

ቢኒ ሳቀ። ታሪኩንም የነገረኝ ያን ቀን ነው። ነገሩ የተጀመረው እኛ ሳንወለድ አሜሪካ ነው አለኝ። ፐንክ የሚባል ጊታሩን እየደበደበ በመንግሥትና በፖሊስ ላይ የሚጮህ ሙዚቃ ነበር። ከነሱ መሃል ጥቂቶቹ «መንግሥትን ተዉት፣ የኔን ልብ ስሙኝ» ብለው ስለራሳቸው መዝፈን ጀመሩ። ጓደኞቻቸው በእንግሊዝኛ ስሜት ከሚለው ቃል ቆርጠው «ኢሞ፣ እናንተ አልቃሾች» ብለው ሰደቧቸው፣ ስድቡ ስም ሆኖ ቀረ። የወጣላቸውን ስም አልወደዱትም አሉ። ማን ይወዳል? እኔንም ሰፈር ውስጥ የሚጠሩኝበትን ስም እዚህ አልጽፈውም።

ከዚያ በኋላ የመጡት ጩኸቱን ቀንሰው ጊታሩን አለሰለሱት። ከነሱ በኋላ የመጡት ደግሞ ትልልቅ ሜዳ ሞሉ፣ ቴሌቪዥን ላይ ወጡ፤ ፀጉሩና ኩሉ በነሱ ጊዜ ነው የመጣው። እንግዲህ ለኛ የደረሰን ይሄኛው ነው፣ ያውም እዚያ ካረጀ በኋላ በቲክቶክ። «የመጀመሪያዎቹ ፀጉር እንዴት ነበር?» ብዬ ጠየቅኩት። «እንደማንኛውም ሰው» አለኝ። እኔ የመጀመሪያዎቹ ፀጉር ቆራጭ ብሆን ሥራ ፈት ነበርኩ ማለት ነው።

አሁን ወደ ጣጣው ልግባ።

የቢኒ አባት ጋሽ አስፋው ታመው ደሴ ሐኪም ቤት ተኝተው ነበር። እናቱም አብረው ናቸው። ኦፕራሲዮን ሊደረጉ ቀን ተቆርጦላቸዋል። ቢኒ ስንቅ ሊያመጣ ግራና፣ አባቱን እንደ እናት ወዳሳደጉት አክስቱ ወደ እትዬ ወርቄ ሄደ። የሄደው በገበያ ቀን ነው። ከመሄዱ በፊት እኔ ጋ መጣ፣ ተኮስኩት፣ አሳመርኩት። «ግራና ዛሬ ሰው ያያል» ብዬ ሸኘሁት። በዚህ አፌ።

እኔ ቦታው ላይ አልነበርኩም፣ ግን ከነበሩት ሰዎች የተሻለ ነው የማወራው። ሚኒባሱ ውስጥ ሙቀት ነው፣ ቆላው ደግሞ አይምርም። ኩሉ ቀልጦ ጉንጩ ላይ ወረደ። እትዬ ወርቄ ሽንኩርታቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ቀና ሲሉ የወንድማቸው ልጅ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሶ፣ ፀጉሩን አሳድጎ ፊቱ ላይ ለቆ፣ ጉንጩ ጠቁሮ ይመጣል። በኛ አገር እንዲህ ሆኖ የሚመጣ ሰው አንድ ወሬ ብቻ ነው ይዞ የሚመጣ። ከል ነው። ወንድማቸው ደግሞ ሐኪም ቤት ነው ያለው።

«ወንድሜን!» ብለው ሽንኩርቱ ላይ ወደቁ።

ቢኒ ደግሞ አክስቱ ደረት ሲመቱ ሲያይ ምን አሰበ? እሱ መንገድ ላይ እያለ ከደሴ ስልክ ተደውሎላቸዋል፣ አባቴ ሞቷል ብሎ አሰበ። «አባዬ!» ብሎ እሱም ወደቀ። እሳቸው በሱ አመኑ፣ እሱ በሳቸው አመነ። ማንም ማንንም አልጠየቀም። ገበያው ተፈታ። ነጠላ ተዘቀዘቀ። ክርስቲያኑም እስላሙም ተጠራርቶ እደጃቸው ድንኳን ተተከለ።

የእድሩ ዳኛ አስከሬኑ መቼ እንደሚነሳ ሊጠይቁ ደሴ ደወሉ። ስልኩን ያነሱት ጋሽ አስፋው ናቸው።

«አቤት» አሉ።

የእድሩ ዳኛ ስልኩን ጣሉት። ሌላ ሰው አነሳውና «ማን ልበል?» አለ።

«አስፋው ነኝ። ምንድነው ይሄ ጩኸት? ማን ሞተ?»

ለቅሶው የእሳቸው እንደሆነ የሚነግራቸው ሰው ጠፋ።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ወርቄ ቢኒን ክንዱን ይዘው ፀጉር ቤታችን ገቡ። አጭር ናቸው፣ ግን በሩን ሞሉት።

«ይሄን ያረገ የቱ ነው?»

ጋሽ ይማም ጠቆሙኝ። አንዳንድ ጊዜ እውነት መናገር ይወዳሉ።

«አንተ! ወንድሜን በቁሙ አስለቀስከኝ!»

«እትዬ፣ እኔ ፀጉር ነው የቆረጥኩት...»

«ዝም በል! እንግዲህ ከሉ ተለብሷል፣ ለቅሶው ተለቅሷል። ሐዘን የሚወጣው ፀጉር ሲላጭ ነው። ይሄ ፀጉር እዚህ ራስ ላይ እያለ ወንድሜ ቢላዋ ሥር አይተኛም። ሟርት ነው። ላጨው!»

ኦፕራሲዮኑ በሦስተኛው ቀን ነው። ቢኒ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ቀስ ብሎ «አክስቴ፣ ይሄ እኮ ሐዘን አይደለም» አለ።

«ታዲያ ምንድነው?»

«እኔ ነኝ።»

እሳቸው አለቀሱ። እሱም ሊያለቅስ ነው። ጋሽ ይማም ወደኔ ዞሩ። «ጀማል፣ ቶንዶዙን አንሳ። ካልሆነ ወንበሩን ልቀቅ።» ቀልድ አልነበረም።

ቶንዶዙን አነሳሁ። በእግሬ ገመዱን ከሶኬቱ ነቀልኩትና «መብራት ጠፋ!» አልኩ። ከጎናችን ካለው የሴቶች ቤት ሬዲዮው እየዘፈነ ነው። እትዬ ወርቄ ወደ ግድግዳው አዩ፣ ወደ እግሬ አዩ። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። እንደገና ሰካሁት።

«እትዬ፣» አልኳቸው፣ «ስለ ሐዘን ከእርስዎ በላይ አውቃለሁ አልልም። ግን ለቅሶው የተለቀሰላቸው ሰው ደሴ አሉ። እሳቸውን እንጠይቅ። ላጭ ካሉ እስኪያብረቀርቅ ድረስ በምላጭ ነው የምላጨው።»

ደወልን። ድምፁን ለሁላችንም ከፈትነው። እትዬ ወርቄ እያለቀሱ ነገሯቸው። ጋሽ አስፋው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«እህቴ፣ እኔ ሞቻለሁ?»

«ጠላትህ ይሙት!»

«ፀጉር የሚላጨው የሞተን ሰው ሐዘን ለማውጣት ነው። ልጁን የላጨሽው ዕለት እኔን ቀበርሽኝ ማለት ነው። በቁሜ አትቅበሪኝ። ተይው።»

እትዬ ወርቄ አፋቸውን በነጠላ ያዙ።

«ቢኒ፣» አሉ ጋሽ አስፋው፣ «አለህ?»

«አለሁ አባዬ።»

«ስመጣ ግን ሁለቱንም ዓይንህን ማየት እፈልጋለሁ።»

ቢኒ ወደኔ አየ። «ሁለት ጣት ያህል ብቻ ልቁረጠው?» አልኩት፣ እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ምላጩን ያዝኩ። ጫፉን ከቅንድቡ በላይ አወጣሁት። ኢሞነቱ አልጠፋም፣ ዓይኑም ወጣ። እትዬ ወርቄ ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው «የወንድሜ ዓይን እኮ ነው። ለምን ደበቅከው?» አሉት።

ጋሽ አስፋው ዳኑ፣ አልሐምዱሊላህ። ከወር በኋላ ሐኪም ቤት ያሳደጉትን ጺም ሊላጩ እኔ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ቢኒ አጠገባቸው ነበር። አንዱን ማዳመጫ ተቀብለው ጆሯቸው ላይ አደረጉት። ለረጅም ጊዜ አዳመጡ። በመጨረሻ «ይሄ ሰውዬ አባቱ ሞቶበት ነው?» አሉ።

«አይ፣ ሴት ትታው ነው።»

«አይዞህ በሉት» አሉና ለልጃቸው መለሱለት።

አሁን ቢኒ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፣ ፀጉሩ አጭር ነው፣ ዘፈኑን ግን አልተወም። ከሰባቱ ሁለቱ ባጃጅ ይነዳሉ፣ ባጃጃቸው ውስጥ ያው ለቅሶ ነው የሚሰማው። አሁን የሚመጡት ልጆች ደግሞ ሌላ ናቸው። ያንኑ ሐዘን በራፕ ነው የሚሰሙት፤ ፀጉራቸውን በአጭሩ ያስቋጥራሉ፣ ጫፉን ቀይ ወይ ሰማያዊ ያስቀባሉ። ኢሞ ነው ወይ ስላቸው «አይደለም» ይሉኛል። ሰምቼዋለሁ፣ ነው። እሱንም በወልድያ ከኔ በላይ የሚሠራ የለም።

ለሙያ ጓደኞቼ ይሄን እላለሁ። ደንበኛ ፎቶ ሲያሳያችሁ ፎቶውን ብቻ አትዩ። ከዚህ ወጥቶ ወዴት እንደሚሄድና ማን እንደሚያየው ጠይቁት፣ ከዚያ ቁረጡ።