ጸሎቴ እስኪያልቅ

በዚያ ክረምት ከምንም በላይ የቸገረኝ ጊዜ ነበር። ወረታ ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ መዝገብ ቤት እሠራለሁ። ፎገራ ሜዳ ላይ ደግሞ አባቴ የተወልኝ የሩዝ ማሳ አለ። የሩዝ አረም መቼም አያልቅም፤ ውሃ ውስጥ ጎንበስ ብዬ ስነቅል ውዬ አንዱን ጥግ ስጨርስ፣ ሌላው በቅሎ ይጠብቀኛል። ቢሮ የማልገባው ቅዳሜና እሁድ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሰንበት ስለሆነ በእኛ አገር ማሳ የሚገባ የለም። በሥራ ቀን ፈቃድ ለምኜ ስወጣ በዓል ይሆንብኛል። በወንፈል መጥተው ያረሙልኝ ሰዎች በበኩላቸው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ቤት ስገባ ጉልበቷ የከዳት እናቴ አለች። ከገጠር አምጥቻት ከእኔ ክፍል ቀጥሎ ትተኛለች፤ ሰው ካልደገፋት አትነሣም።

ደክሞኝ ነበር። እንቅልፍ የማያወጣው ድካም ነው። አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን ጠጋ ብዬ «አባ፣ ቀኑ አልበቃኝ አለ። የቱን አስቀድሜ የቱን እንደምተው ጠፋኝ» አልኳቸው።

«እሱን ጠይቂው እንጂ ልጄ» አሉኝ። «በማለዳ ተነሥተሽ ጠይቂው።»

ጠየቅኩት። መጀመሪያ ላይ ጸሎቴ አጭር ነበር። መልስ ስጠብቅ ዝም ሲለኝ አስረዘምኩት። ነጠላዬን መስቀለኛ ለብሼ፣ ፊቴን ወደ ምሥራቅ አዙሬ «ጌታዬ ሆይ፣ ቀኔን በምን ላውለው?» እለዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ግማሹ ጸሎት አልነበረም። አፌ «አቤቱ» ሲል ልቤ ማሳ ወርዶ ያርማል። የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ ከሚገናኙበት የጭነት መኪና ጥሩምባ ሲሰማ ደንገጥ እላለሁ፤ የት እንደደረስኩ ስለሚጠፋኝ እንደገና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። እግዜርንም ሳላሰለቸው አልቀረሁም።

አንድ ማለዳ በጸሎቴ መሐል የእናቴ ከዘራ ሲወድቅ ሰማሁ። ልጨርስ ብዬ ቀጠልኩ። ጨርሼ ስገባ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ቀሚሷ ርሷል፤ ፍራሹም ርሷል። ስታየኝ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ምነው እምዬ፣ ለምን አትጠሪኝም?»

«ጸሎት ላይ ያለ ሰው ይጠራል እንዴ? ኃጢአቱን ይዤ የት እገባለሁ?»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የተቀመጥሽው?»

«ተይው በቃ። ዛሬ አልቻልኩም እንጂ ሌላ ጊዜስ እችለው ነበር።»

ሌላ ጊዜስ። ለካ በየማለዳው ጊዜዬን በምን ላውለው እያልኩ ስጨቀጭቅ፣ እሷ ከግድግዳው ወዲያ ጥርሷን ነክሳ አሜን እስክል ትጠብቅ ኖሯል። አፈርኩ። በራሴ ተናደድኩ፤ አልዋሽም፣ ዝም በማለቷ በእሷም ተናደድኩ። ውሃ አሙቄ አጠብኳት።

ከዚያ ወዲህ አረሙ አልቀነሰም። በዚያው ሳምንት ለወንፈሉ ሳልደርስ ቀርቼ ሰዎቹ ተቀየሙኝ። ቢሮም አርፍጄ እየገባሁ አለቃዬ ያጉረመርማል። አሁንም የቱን አስቀድሜ የቱን እንደምተው አብዛኛውን አላውቅም። የማለዳውን ብቻ አውቃለሁ። ስነሣ ነጠላዬን ሳላነሣ የእናቴን በር እከፍታለሁ። እጄን በብብቷ ሥር አስገብቼ ቀና ሳደርጋት ክብደቷን ሁሉ ትጥልብኛለች፤ ወገቤ ይቆረጣል።

ከመነሣቷ በፊት ግን ክንዴን ይዛ ሳትጠይቀኝ ቀርታ አታውቅም።

«ጸሎትሽን ጨርሰሻል?»

«አዎ እምዬ፣ ጨርሻለሁ» እላታለሁ።

ገና አልጀመርኩም። እውነቱን ብነግራት ግን አትነሣልኝም።