ጌም ያልሠራው ጌም ሠሪ

በካዛንቺስ ጌም መሥራት ያማረው ወጣት ሁሉ አስቀድሞ ዮአብን ያማክር ነበር። ቶሎ የሚያሠራው የትኛው ሶፍትዌር ነው? በደካማ ላፕቶፕስ የሚከፈተው? ዮአብ ያላወረደው አልነበረምና ማኪያቶውን እያማሰለ ለሁሉም መልስ ይሰጣል። «አንተስ የሠራኸው የታለ?» ብሎ የጠየቀው ግን የለም። አዋቂ ለተባለ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ አይቀርብም።

በሐሳብ ደረጃ ግን አንድ ጌም ነበረው። ተጫዋቹ የታክሲ ረዳት ሆኖ ከካዛንቺስ ወደ ስታዲየም ሰው ይጭናል፤ ትራፊክ ፖሊስ ብቅ ሲል ትርፍ የተጫነውን ጎንበስ ያደርጋል። ለሚወዳት ለልደት ይህን ሲተርክላት ዓመታት አልፈዋል። መጀመሪያ ትስቅ ነበር፤ ኋላ ኋላ ሳትስቅ መስማት ጀመረች። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

በመጨረሻ ሽማግሌ ተላከ። የዮአብ አጎት ጋሽ ገብረዋህድ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ወሎ ሰፈር ልደት ቤት ሄዱ። አባቷ አቶ አጥናፉ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው፤ ልጁ ምን እንደሚሠራ ጠየቁ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ ጋሽ ገብረዋህድ የኮምፒውተር ጌም ይሠራል፣ በሰፈሩም አንደኛ ነው አሉ። በመጀመሪያው ቀን ልጅ አይሰጥምና አቶ አጥናፉ ቀጠሮ ሰጡ።

«ስትመለሱ የሠራውን ይዛችሁልኝ ኑ» አሉ። «ተጫውቼበት መልስ እሰጣለሁ።»

ልደት ያንኑ ማታ ለዮአብ ደወለች። «ያለቀለት አያስፈልግም» አለችው። «አንድ ታክሲ፣ አንድ ረዳት፣ ጎንበስ የሚል አንድ ሰው። በቃ። አባዬ ከዚህ በላይ አይጠይቅህም።»

እሺ አላት፤ ከልቡም ነበር። ዩኒቲ በተባለው የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ጀመረ። ላፕቶፑ ማቃሰት ሲጀምር ቀለል ወደሚለው ወደ ጎዶት ተሻገረ። እዚያ የታክሲዋን ጎማ እንደሳለ፣ የሁለቱ ሶፍትዌሮች ደጋፊዎች ኢንተርኔት ላይ ሲሰዳደቡ አገኘና ፍርድ ሊሰጥ ገባ። ቀናቱ በዚሁ አለቁ። በመጨረሻ ጨነቀውና ስክራችን ከፈተ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ታክሲዋ ሄደች፤ ሰውዬውም ጎንበስ አለ።

ዮአብ ግን አልተደሰተም፤ አፈረ። ስክራች ሕፃናት የሚማሩበት ነው። ካዛንቺስ ይህን ቢሰማ ምን ይላል? ግራ ቀኙን አይቶ ታክሲዋን ከነረዳቷ አጠፋት። መራጭ ይወድቃል ከምራጭ ይባላል፤ ይህኛው ምራጩም አልደረሰው።

የቀጠሮው ቀን ጋሽ ገብረዋህድ ላፕቶፑን ጋቢያቸው ሥር ይዘው ገቡ። ዮአብ ውጭ መኪና ውስጥ ቀረ። አቶ አጥናፉ መነጽራቸውን አድርገው፣ ጣታቸውን አዘጋጅተው ተቀመጡ። የተከፈተላቸው ዮአብ ያዘጋጀው በቀለም ያሸበረቀ ሠንጠረዥ ነበር፤ የሶፍትዌሮቹ ስም በተርታ፣ ከጎኑ ፍጥነት፣ ክብደትና ነጥብ።

አቶ አጥናፉ የቱን ልንካ ብለው ጠየቁ። ጋሽ ገብረዋህድ ላብ በላብ ሆነው፣ ይህ ገና ምርጫው ነው፣ ልጃችን ጠንቃቃ ነው፣ ሳያወዳድር ምንም አይጀምርም ሲሉ አስረዱ። አቶ አጥናፉ መነጽራቸውን አወለቁና ልጃቸውን ጠሩ። ልደት ሠንጠረዡን እስከ መጨረሻው አነበበች፤ ላፕቶፑን ቀስ አድርጋ ከድና ለጋሽ ገብረዋህድ መለሰችላቸው።

አጎት ወደ መኪናው ሲመለሱ ዮአብ ሠንጠረዡን ወደዱት ወይ ብሎ ጠየቀ።

«ልጅቷ ነጥቡን ሁሉ አይታልሃለች» አሉት በሩን እየዘጉ። «እኔም እያወዳደርኩ ነው በሉልኝ ብላለች።»

ዮአብ ማወዳደር ያን ቀን አስጠላው።