የበለጡ ቁምጣ

በሰባዎቹ አጋማሽ ነጌሌ ቦረና ኖሮ በለጡን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ያ ሰው ከቤቱ አይወጣም ነበር ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው ቀይ አፈር ሜዳ ላይ ለቮሊቦል መረብ ይወጠራል፤ ከተማው ግልብጥ ብሎ ይወጣል። ሻይ ቤቱ ጭር፣ ሱቁ ጭር! በለጡ፣ ያቺ የባለሱቋ የትርንጎ እህት ልጅ፣ ዘልላ ኳሷን ስትመታት፣ ማዶ ያሉት ልጃገረዶች ኳሷን መመለስ ትተው ፊታቸውን ይሸፍኑ ነበር። አይ ጊዜ! ዛሬ ሜዳው ላይ ቤት ተሠርቶበታል፤ ባለፍኩ ቁጥር ግን ጆሮዬ ውስጥ ያ ጭብጨባ አለ።

በለጡ እናቷን አታውቃትም። ገና ዳዴ ሳትል ነው የሞተችባት። አክስቷ ትርንጎ ከጉራጌ አገር አዝላ አምጥታ፣ ስኳርና ሻይ ቅጠል እየቸረቸረች አሳደገቻት። ልጅቷ በዓለም ላይ የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከነጌሌ ቡድን ጋር ሞያሌ ሄዶ መጫወት። በጭነት መኪና ተሳፍሮ፣ አቧራ እየጠጡ፣ ጉሮሮ እስኪዘጋ እየዘፈኑ። ስለ ሞያሌ ስታወራ ሰውን ታሰለች ነበር።

ታዲያ ሚርያምን ምን አመጣት! ሚርያም የቡድኑ ኳስ አቀባይ ናት፤ ልቧ ክፉ አይደለም፣ ምላሷ ግን አርፎ አይቀመጥም። አጎቷ ከድንበር ማዶ የፈረንጅ መጽሔት አምጥቶላት ኖሮ፣ አንድ ቀን ልብስ ሲቀይሩ ለበለጡ ገልጣ አሳየቻት። «እዪው፣ ያንቺ ጭን ላይ ያለው እኮ ይኼ ነው። ሴሉላይት ይሉታል። እንደ ብርቱካን ልጣጭ ስርጉድ ስርጉድ ያለ። ፈረንጆቹ በቅባት ያጠፉታል አሉ!» ብላ ስቃ፣ ኳሷን አንስታ ወጣች። እሷ በዚያው ረሳችው። በለጡ ግን ቤቷ ገብታ ጭኗን ቆንጥጣ አየች፤ እውነትም ስርጉድ አለ። ከዚያ ወዲያ በቁምጣዋ ላይ ጉርድ ቀሚስ ደርባ መጫወት ጀመረች። ቀሚሱ እግሯን እየጠለፈ ይጥላታል፤ እሷ ግን ወይ ፍንክች።

አሠልጣኙ ጋሽ ዋሪዮ የቦረና ሰው ናቸው፤ ሜዳ ላይ ቀልድ አያውቁም። «አካም፣ በለጡ? ሠርግ ነው እንዴ የመጣሽው?» አሏት። «ከአሬሮ ቡድን ጋር ስንጫወት በቁምጣ ካልገባሽ፣ ሞያሌን እርሺው።»

ከዚህ በኋላ የሠራችውን አትጠይቁኝ። ከሱቁ ደረቅ ጨው ወስዳ ጭኗን ፈተገችው፤ ተላጠ። በነጠላ ጥፍር አድርጋ አስራ ተኛች፤ እግሯ ደነዘዘ። ምሳ ተወች፤ ልምምድ ላይ ዓይኗ ጭልም አለባት። በመጨረሻ ገበያ ወርዳ ወተት ሻጯን ስንቄን አየቻት። የስንቄ ቆዳ ጥርት ያለ፣ ወዙ የሚያበራ ነው።

«ስንቄ፣ ናጋ? ምን ተቀብተሽ ነው እንዲህ ያማረብሽ?»

«ዳዳ ነዋ! ቅቤ! ሌላ ምን አለ?» አለች ስንቄ እየሳቀች። ስንቄ ምን ታድርግ፣ የተጠየቀችውን መለሰች። እሷ ቅቤ ተቀብታ ኳስ አትጫወትም።

የአሬሮ ግጥሚያ ዕለት በለጡ ቀሚሷን አውልቃ ገባች። ጭኗ ያብለጨልጫል! ሰዉ አጨበጨበ። ፀሐዩ ግን ማንንም አይምርም፤ ቅቤው ቀልጦ ወደ ካልሲዋ ወረደ። አንዴ ወድቃ ስትነሳ፣ ያ ቀይ አፈር ከጉልበቷ እስከ ቁምጣዋ ተለጥፎባት አዲስ የተመረገ ግድግዳ መሰለች። ዝንቡም ተጠራርቶ መጣ። አፈሩን በመዳፏ ልጥረግ ስትል ደግሞ እጇ ቅቤ በቅቤ ሆነና፣ ኳሷ እየተሙለጨለጨች አስቸገረቻት። ከተማው በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ዋሪዮ አስወጧትና በቦታዋ ሌላ አስገቡ። «ለሞያሌም ይቺው ናት» አሉ።

በጨው የተላጠው ቁስል ቅቤና አፈር ሲገባበት አመረቀዘ። ክሊኒክ ሄደች። ሲስተር ሸዋርካብሽ፣ የሚሲዮኑ ነርስ፣ ቁስሉን አይተው ጮኹ፤ «ማን ነው እንዲህ የላጠሽ?» በለጡ እያለቀሰች ሁሉንም ነገረቻቸው።

«ስሚኝ፣ ልጄ» አሏት እያጠቡላት። «ከቆዳ ሥር ስብ አለ። ቆዳውን ወደ ታች የሚይዙ ክር የመሰሉ ነገሮችም አሉ። ስቡ ወደ ላይ ሲገፋ፣ ክሩ ወደ ታች ሲስብ፣ ላዩ እንደተሰፋ ፍራሽ ስርጉድ ይላል። በሽታ አይደለም። ወፍራሟም ቀጭኗም አላት። ስንቷን ሴት መርፌ ስወጋ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የሌላት ብርቅ ናት።»

«ቅባቱስ፣ ሲስተር?»

«ቅባት ቆዳ ያለሰልሳል። መታሸትም ለጥቂት ሰዓት ያሳምረው ይሆናል፤ ጨርሶ ግን አያጠፋውም። መሮጥና መዝለል ከሥር ያለውን ጡንቻ ያጠነክራል፣ ያኔ ያን ያህል ጎልቶ አይታይም። አንቺ ደህናውን ነገር ትተሽ ጨው ትፈትጊያለሽ! ምሳሽንም ብዪ!»

ቤት ስትገባ ትርንጎ ፋሻውን አየች። በለጡ መደበቅ ሰለቻት፤ ቀሚሷን ገልባ ስርጉዱን አሳየቻትና «አይጠፋም አሉኝ፣ አክስቴ» አለች።

ትርንጎ ስኳር ጆንያው ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ወይኔ እህቴን!» አለች። «ይኼማ የእናትሽ ነው። ወንዝ ወርደን ገላችንን ስንታጠብ በዚህ ነበር የማበሽቃት። ልክ እዚህ ጋ። ፊትሽ ያባትሽ፣ ፀጉርሽ ያባትሽ፤ ከእሷ ምን ቀረልኝ እያልኩ ስንት ዘመን ስፈልግብሽ ኖርኩ መሰለሽ!»

በለጡ መዳፏን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሱቁ እስኪዘጋ እንዲያው ተቀመጠች።

ቁስሏ ሲድን ጋሽ ዋሪዮ ዘንድ ሄዳ «አንድ ጊዜ ብቻ ይዩኝ» ብላ ለመነቻቸው። አዩዋት። ከዚያ ወዲያ ማን ያስቀራታል!

ሞያሌ ሜዳው ዙሪያ ሰው ጢም ብሏል። በለጡ ከመግባቷ በፊት የቁምጣዋን ጫፍ ይዛ ወደ ላይ ጠቀለለችው፤ ደግማም ጠቀለለችው። ሚርያም ደንግጣ «ኧረ አውርጂው፣ ይታያል!» አለቻት።

«ይታያ!» አለች በለጡ።