ኑግ የጠጣችው መኪና

ትእዛዙ የመጣው ጠዋት በአንድ ሰዓት ነበር፤ «ቁስለኞቹን ላሊበላ አድርሺ። አውሮፕላኑ በስምንት ሰዓት ይነሣል።»

የሰፈርነው ከኮን ከተማ በላይ ካለው ጋራ ላይ ነው። ጎህ ሲቀድ መድፍ ወረደብን። አንድ ሞተ፤ ሦስት ቆሰሉ። ከሦስቱ ጌታቸው የተመታው ሆዱን ነበር። ከዘገየን እንደማይተርፍ ሐኪሙ በጆሮዬ ነገረኝ።

ልጆቼ፣ እኔ ሹፌርነትን ትምህርት ቤት አልተማርሁም፤ መኪና ሥር ተኝቼ ነው የለመድሁት። ያቺ አሮጌ የጭነት መኪናችን ቁልቁለት ላይ ሁለተኛ ማርሽ ትተፋለች፤ በእጅ ካልያዙት ይወጣል። እሱን ለምደነዋል። የዚያን ቀን ግን ፍሬን ስረግጥ ፔዳሉ ወለል ነካ። ሥሯ ገባሁ። የመድፉ ፍንጣሪ የኋላውን የፍሬን ቱቦ ቆርጦታል፤ ዘይቱ አልቋል። ቱቦውን አጥፌ በመዶሻ ደፈንሁት፤ የፊቱ ይበቃናል። «የፍሬን ዘይት ፈልጉልኝ!» ብዬ ጮህሁ።

ስወጣ ወጥ ቤታችን ጋሼ መላኩ ባዶ ጠርሙስ ይዘው ቆመዋል።

«አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ሞልቼልሻለሁ።»

«ምን ሞሉባት?»

«ኑግ ነዋ! ቅቤም ነበረኝ፤ ሁዳዴ ስለሆነ ተውሁት።»

ሳቄ አመለጠኝ። የምግብ ዘይት የፍሬኑን ጎሚኒ፣ ዘይት የሚያግደውን ላስቲክ፣ ያሳብጣል። ግን ሌላ አልነበረንም፤ ከፍሬኑ ቱቦ አየሩን አስወጥቼ በሁለት ሰዓት ተነሣን። እግሩ የቆሰለው አስር አለቃ ሰይድ ከጎኔ ሆኖ ማርሹን በሁለት እጁ ያዘልኝ። «አብሽሪ፣ ይህቺን ከለቀቅሁ ሰይድ አይደለሁም» አለ።

ቁልቁለቱን ስናጋምስ መኪናዋ ከበደችኝ። ከፊት ጎማዎች ጭስ ወጣ። ጎሚኒው አብጦ ፍሬኑ አልለቅም ብሏል። አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ወርጄ የማስተንፈሻውን ብሎን ስፈታ የጋለ ኑግ ፊጭ አለ። ሽታው ከኋላ ለተኙት ደረሰ።

«እህቴ፣ ወጡ ከደረሰ አውጪልን!» አለ ጌታቸው። ሳቅን። እሱም ስቆ ቁስሉ ሲያመው እኔን ሰደበኝ።

ጎማዎቹ እንደ ልብ ዞሩ፤ ኑጉ ስለፈሰሰ ግን ፍሬን ከእንግዲህ የለንም። የቀረውን በሰይድ ሁለት እጆች፣ በእጅ ፍሬንና በእግዜር ወረድነው። አውሮፕላኑ ጋ ስንደርስ ሰባት ሰዓት ከሃያ ነበር። ሞተሩ ጠፍቶም ሰይድ ማርሹን አልለቀቀም።

«ደርሰናል እኮ» ስለው፣

«ትእዛዝ አልደረሰኝም» አለኝ።

የዚያ ቀን ሟች አንድ ነው፤ ጠዋት ጋራው ላይ የቀበርነው ከበደ። ሦስቱን በሕይወት ጫንሁ፤ ሦስቱንም በሕይወት አስረከብሁ። ከዚያ ወዲያ ብዙ ቀብረናል፤ ስማቸውን አልረሳሁም። ስለ ጦር ሜዳ ንገሪን ስትሉኝ ግን አስቀድሜ የማነሣው ቁጥሩ በአንድ የቆመበትን ቀን ነው።