አንድ ሌንስ ለሁለት ካሜራ

አክስቴን ሰው ሁሉ «መጋዝ» ይላታል። ስሙ የወጣላት ለእንጨት ሥራዋ ይሁን ለምላሷ እስካሁን አልተጣራም፤ እኔ ለሁለቱም ነው ባይ ነኝ። ፎቶ አንሺ ናት። ታላቅ ወንድሟ፣ ማለትም አባቴም ፎቶ አንሺ ነው። አያቴ ሲሞት ለአባቴ ትልቁን የእንጨት ካሜራ፣ ለእሷ ትንሹን ተወላቸው። ሌንሱ ግን አንድ ነበር። ለማን እንደሆነ ሳይናገር ሄደ፤ እዚያው ተነታረኩ ማለቱ ይመስለኛል።

ሌንስ እንዲህ ባለ ካሜራ ላይ የሚገባው ሰሌዳ በሚሉት ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ታስሮ ነው። የትልቁ ካሜራ ሰሌዳ እንደ ሰሃን ሰፊ ነው፤ የትንሹ መዳፍ ቢያህል ነው። ስለዚህ ሌንሱ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው በሄደ ቁጥር ከአንዱ ሰሌዳ ተፈትቶ ሌላው ላይ ይጠመዘዝ ነበር። ከዓመታት በኋላ የሚይዘው ቀለበት ጥርሱ ተበላ። ይሄኔ አባቴ ፈረደ።

«ከእንግዲህ አይፈታም። እኔ ጋ ይቀራል።»

«እኔስ ጋሼ? ሰዉን በባዶ ሳጥን ላንሳው?»

«አንቺማ እንጨትሽን ጥረቢ።»

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ሌንስ ከሌለ ሃያ ዓመት የሠራችበት ስቱዲዮ መዘጋቱ ነው። አባቴን የዚያን ቀን ጠልቼዋለሁ፤ አልዋሽም።

እሷ ግን እንደተባለችው እንጨቷን ጠረበች። ለትልቁ ካሜራ መሃሉ እንደ መስኮት የተከፈተ አዲስ ሰሌዳ ሠራች። ሌንሱ ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ ትንሹ ሰሌዳ ላይ ይታሰራል፤ ትንሹ ደግሞ ከትልቁ ፊት ጠቅ ብሎ ይገባል፣ ጠቅ ብሎ ይወጣል። ብርሃን እንዳያሾልክ ዙሪያውን ጥቁር ከፋይ ለጠፈችበት። ይዛው መጣችና፣ «ለፋብሪካው ፎቶ ሞክረው። ከተበላሸ ሌንሱን ሁለተኛ አልጠይቅህም» አለችው።

እኔ ከጀርባዋ ቆንጥጫታለሁ። አባቴ ቶሎ ተስማማ፤ ከልክ በላይ ቶሎ።

የልብስ ስፌት ፋብሪካው ሠራተኞች መቶ አርባ ናቸው። ጠዋት ግቢው ውስጥ በአራት ረድፍ አግዳሚ ላይ ተደረደሩ። አባቴ እንደ ልማዱ ሠላሳ እርምጃ ቆጥሮ ካሜራውን ተከለ። የካሜራውን ፊት በሐዲዱ ላይ እየገፋ፣ ለዚሁ ርቀት ብሎ ድሮ ራሱ የመታት ትንሽ የነሐስ ምስማር ጋ ሲደርስ አቆመ። የምስሉ ጥራት በመስታወት የሚታይበት ጥቁር ጨርቅ ውስጥ ገባ ብሎ ወጣና አነሳ። ዝናው ይሄ ነበር፤ ሌላው ግማሽ ሰዓት የሚያፈጥበትን እሱ በአንድ ትንፋሽ ይጨርሰዋል።

ፊልሙን እዚያው መጋዘን ውስጥ አጥቦ ተመለሰና ለእኔ አቀበለኝ። ተቀብዬ ወደ ብርሃን ብይዘው፣ መቶ አርባ ሰው አለ፣ አንድ አፍንጫ የለም። ሁሉም ብዥ ብለዋል።

ይህን ስነግረው አባቴ ወደ አክስቴ ዞረ። «ይኸው ሰሌዳሽ! ሌንሱን ገደልሽው!»

አክስቴ ጨርቁ ውስጥ ገብታ ብዙ ቆየች። ስትወጣ የነሐሷን ምስማር አየች፣ የሰሌዳዋን ውፍረት በጣቷ ለካች፣ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ መስታወቱን አይተኸው ነበር?» አለችው።

አባቴ ምስማሯን በጣቱ ዳበሰ። እኔም ያኔ ገባኝ። ጋዜጣውን የማነብለት እኔ ነኝ። መድኃኒቱን የምለየው እኔ ነኝ። ስንፍና ነው እያልኩ ስቀልድበት ኖሬአለሁ። ዓይኑ ከደከመ ቆይቷል፤ ሲያነሳ የኖረው በምስማሯ ነው። አዲሱ ሰሌዳ ደግሞ ሌንሱን አንድ ጣት ያህል ወደ ፊት አውጥቶታል፤ ምስማሯ ይህን በምን ታውቃለች?

መጋዝ አሁን ትገዘግዘዋለች ብዬ ጠበቅኩ። መቶ አርባ ምስክር አላት፣ ስቱዲዮዋም የሚተርፈው «አያይም» በምትል አንድ ቃል ነው። እሷ ግን ለሁሉም እንዲሰማ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው! የሰሌዳውን ውፍረት ሳልቆጥር ቀረሁ» አለች። ምስማሯን በሰንጢ ነቅላ አንድ ጣት ወደ ኋላ መታቻት። «በል ጋሼ፣ አሁን አንሳ።»

የምሳ ደወል ሲደወል ሠራተኞቹ እያጉረመረሙ ተመልሰው ተደረደሩ። አባቴ የካሜራውን ፊት እስከ ምስማሯ ገፋ። ከዚያ ቆመ። ሰው ካሜራውን ሲነካበት የሚቆጣው አባቴ ጨርቁን በገዛ እጁ ከፍ አድርጎ ያዘ።

«ነይ እስቲ» አለ፤ ሁሉም ሰማው። «አንቺ እይልኝ።»

አክስቴ ገባች። ሰው ሁሉ ተገልብጦ ከሚታይበት መስታወት ስር ድምጿ ወጣ። «ከኋላ ረድፍ፣ ቀይ ሻሽ ያሰርሽው! ሁለተኛው ቁልፍሽ ተፈቷል!»

ግቢው በሳቅ ተናወጠ። አባቴ ያነሳው ያንን ሳቅ ነው።

ፎቶው ማታ ታጥቦ ሲወጣ መቶ አርባውም ፊት ጥርት ብሎ ነበር፤ የሴትየዋ ቁልፍ ሳይቀር። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አባቴ ፎቶውን ይዞ ለአክስቴ፣ «ንገሪኝ» አላት። ከጫፍ ጀምራ ማን እንደሳቀ፣ ማን ዓይኑን እንደጨፈነ አንድ በአንድ ነገረችው። ሰምቶ ሲጨርስ ትንሹን ሰሌዳ ጠቅ አድርጎ አወጣና ሌንሱን መዳፏ ላይ አኖረላት።

«ሰኞ ለትምህርት ቤቱ ፎቶ ይዘሽልኝ ነይ» አለ። ቀጥሎም፣ «ሌንሱን በሰው እንዳትልኪው። ራስሽ ነይ።»