ጋሽ አብዱልፈታ ጥቁር ልብስ አልሰፋም ያሉ ጊዜ

ይሄን ታሪክ ዛሬ ሳልነግራችሁ ከዋልኩ እንቅልፍም አይወስደኝ። እኔ ሸዋ በር ባጃጅ ነው የምነዳው። ጋሽ አብዱልፈታ ደግሞ በአሮጌው ከተማ ግንብ ውስጥ፣ ሰፊዎቹ በተደረደሩበት መንገድ፣ ሠላሳ ዓመት አንድ ቦታ ቁጭ ብለው የሰፉ ሰው ናቸው። የኔንም የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የሰፉት እሳቸው ናቸው፤ ትምህርቱን ስድስተኛ ክፍል ላይ ባቋርጠውም።

ስኳር እንዳለባቸው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ያላወቅነው የዓይናቸውን ነው። አምና ጥቁር ልብስ አልሰፋም ማለት ጀመሩ። ጥቁር ሙቀት ይስባል፣ በዚህ ፀሐይ ጥቁር የሚለብስ ጤነኛ አይደለም እያሉ ደንበኛ ይመልሳሉ፣ እኛም እንስቃለን። ለካ ጥቁር ክር ጥቁር ጨርቅ ላይ አይታያቸውም። ሚስታቸው እትዬ ሳዳ አንድ ቀን ቀዩን ቀሚስ በቡናማ ክር ሲሰፉት ያዟቸው። በማግስቱ ሐኪም ቤት ለመውሰድ የኔ ባጃጅ ላይ ጫኗቸው።

መንገድ ላይ ጋሼ አንድ ነገር ብቻ ነው ያሉኝ። «ዓይኔ ከሄደ ምን ልሆን ነው? ከመርፌ ሌላ እጄ የሚያውቀው ነገር የለም።»

የዓይን ዶክተሯ ዓይናቸው ውስጥ ጠብታ አድርጋ አየቻቸው። ከዓይን ኋላ ያሉት ቀጫጭን የደም ስሮች በስኳሩ ተጎድተው ትንሽ ትንሽ ያንጠባጥባሉ፣ ግን በጊዜ መጥታችኋል አለች። ደምም አስመረመረች። ስኳሩ ብቻ መስሎን ነበር፣ የብግነት ምልክት የሚሉት ቁጥርም ሽቅብ ወጥቷል። እኔ አላስችል ብሎኝ፣ ዓይናቸው ነው ያመጣው ወይ አልኩ። ቁጥሩ ሰውነት ውስጥ አንድ ነገር እንደተቆጣ እንጂ የቱ ጋ እንደሆነ አይናገርም፣ ፈልገን እናገኘዋለን አለችኝ። ከዛ ጋሼን ጫማ ያውልቁ አለቻቸው።

ጋሼ ማሽን ሲረግጡ ሁሌም በባዶ እግር ነው። ክሩ ሲጠብቅ በእግሬ ነው የማውቀው ይላሉ። ፔዳሉ የሚያርፍበት የቀኝ እግራቸው ሥር የሳንቲም ያህል ቁስል መግል ይዟል። ስኳሩ እግራቸውን አደንዝዞት ምንም አልተሰማቸውም።

እትዬ ሳዳ ቁስሉን አይተው፣ «አብዱልፈታ፣ ዓይንህን ከኔ ደበቅክ። እግርህን ደግሞ ከራስህ?» አሉ።

ቁስሉ ታጠበ፣ መድኃኒት ታዘዘ፣ የስኳሩም መድኃኒት በመርፌ ሆነ። ጫማ አድርገው ይስፉ ተብለው ሁለት ሳምንት ተነጫነጩ። ከሦስት ወር በኋላ ተመልሰን ሄድን። ቁስሉ ድኗል፣ ቁጥሩም ወርዷል፤ ዓይናቸውም አልባሰም፣ የሚያንጠባጥበው ቀንሷል። ለጊዜው ሌዘር አያስፈልግም፣ በቀጠሮ ይታዩ፣ ስፌቱንም ይቀጥሉ ተባሉ።

ጋሼ በሩ ላይ ቆመው አልሐምዱሊላህ አሉ፣ ሦስት ጊዜ። ወዲያው ወደኔ ዞሩ፤ «ምን ትገተራለህ? ንዳ እንጂ፣ የሰው ልብስ ይዣለሁ።»

እትዬ ሳዳ ግን ቀስ በል አሉኝ። እኔም በአቦከር በኩል በረጅሙ መንገድ አዙሬ፣ ጋሼ እየተነጫነጩ፣ እትዬ ሳዳ እየሳቁ አደረስኳቸው።

እናንተስ ቤት ስኳር ያለበት ሰው ምን ደብቋችሁ ነበር? እንዴትስ ነቃችሁበት?