ካሣነሽ ከብረት ቤቱ ስትወጣ

ንፋስ መውጫ ላይ አንዲት ባልቴት በማለዳ ፈጠን ፈጠን ብላ ስትሄድ የታየች እንደሆነ፣ ሰው ሁሉ «ማን ሞተ?» ይላታል። ማንም አልሞተም ብትል የሚያምናት የለም። ካሣነሽ ይህን በራሷ አየችው። ስኳር እንዳለባት ያወቀችው ነርስ «በየቀኑ ሰውነትሽን ማንቀሳቀስ አለብሽ፣ ቢያንስ በእግርሽ ሂጂ» ስትላት፣ በማግስቱ ነጠላዋን አጣፍታ በአስፋልቱ ዳር ተነሣች። ብዙም ሳትርቅ ሁለት ጎረቤቶቿ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላ ደረሱባት። አንደኛዋማ ማልቀስ ጀምራ ነበር። ካሣነሽ ከዚያ ወዲያ በር የሚዘጋ ቦታ ማፈላለግ ያዘች።

ጊዜው ሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው። አስቻለው የሚባል፣ ባሕር ዳር ተምሮ የተመለሰ ጎረምሳ ከባጃጆቹ መቆሚያ ጀርባ ጂም ከፍቷል። የከተማው ሰው «ብረት ቤት» ነው የሚለው፤ ከብረቱ ይልቅ በጣሳ የተሞላው ሲሚንቶ ቢበዛም። ካሣነሽ ጌሾና በርበሬ ሻጭ ናት፣ ዕቃ ስትገዛ አገላብጣ አይታ ነው። እናም ገና ከበሩ ሳታልፍ «ከጎረምሳ ጋር አልጋፋም» አለችው።

«ኧረ እትየ ካሣነሽ! የሴቶች ሰዓት አለን። ረፋዱ ላይ ወንድ የሚባል ደጃፉን አይረግጥም» አላት።

አመነችው። ለመድኃኒት ካስቀመጠችው ላይ አንሥታ የሦስት ወር ከፈለች። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

በመጀመሪያው ረፋድ ስትገባ ቤቱ ደረታቸውን በገለጡ ጎረምሶች ተሞልቷል። አንዱ ብረቱን ተሸክሞ እያቃሰተ ነበር፤ እሷን ሲያይ ሊወድቅበት ምንም አልቀረው። በሁለተኛውም ቀን ያው ነው። አስቻለው ራሱን እያከከ «የሴቶች ሰዓትማ የሚኖረው ሴቶች ሲመጡ ነው። እስካሁን እርስዎ ብቻ ነዎት» አላት። ካሣነሽ ገንዘቧን ተቀብላ መውጣት እንደምትፈልግ ነገረችው። በጣቱ ግድግዳውን አሳያት፤ «የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም» ይላል፣ በቀይ ቀለም።

ሌላ አገር የኖረች ሴት ምን እንደምታደርግ አላውቅም። ጋይንት ውስጥ ግን ድንበር ቢገፋ፣ በሬ በሬን ቢወጋ፣ ሰውና ሰው ቢኳረፍ የሚሄደው ወደ ሽማግሌ ነው። ካሣነሽም የንስሐ አባቷን አባ ገብረ መድኅንን ከሁለት አዛውንቶች ጋር ይዛ ብረት ቤቱ ደረሰች። አዛውንቶቹ ሌላ መቀመጫ ስላልነበረ ጎረምሶቹ ተጋድመው ብረት በሚገፉበት አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጎረምሶቹ ልብሳቸውን ለብሰው ወጡ።

ሽማግሎቹ ሥራቸውን ያውቃሉ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብለው ሁለቱንም ጠየቁ። አስቻለው «አጥፍቻለሁ» አለ። ሽማግሌ ከዚህ የበለጠ የሚያስደስተው ቃል የለም። ልጁ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳመ፤ እሷም «ይቅር ብያለሁ» እንድትል ተደረገ፣ አለች። አባ መስቀላቸውን አውጥተው ሁለቱን አሳለሙና፣

«በሉ፣ ሰላምን ለሰጠን አምላክ ምስጋና ይግባው። ካሣነሽ፣ እንግዲህ ከነገ ጀምሮ ትመለሻለሽ። እሱም ያከብርሻል» አሉ።

«አባ፣ ገንዘቤሳ?»

«ገንዘቡማ እዚሁ አለ፤ ተመልሰሽ ትሠሪበታለሽ እንጂ!»

ጥፋቱ የእሷ ነው። ማለያየት የሚያውቅ ሽማግሌ ባይጠፋም፣ አባ ገብረ መድኅን ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚያውቁት የተለያየውን መመለስ ብቻ ነው። ይህን ደግሞ ከካሣነሽ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ባሏ ሞላ በጉልበቱ የሚመካ ሰው ነበር። ገና በልጅነቷ ደብድቧት ስማዳ ወደ አባቷ ቤት ስትሸሽ፣ ያኔ ጢማቸው ያልሸበተው አባ እዚያው ስማዳ፣ ወገዳ ከተማ ድረስ ወርደው «ትመለሻለሽ፣ እሱም ያከብርሻል» አሏት። ሞላም ጉልበቷን ስሞ ነበር። ሁለተኛም ሸሸች፣ ሦስተኛም ሸሸች፤ ሁለቱንም ጊዜ መለሷት። ከዚያ በኋላ መሸሹን ተወችው። ሞላ በሕመም እስኪሞት ሃያ ዓመት ከርማ፣ በወጉ አልቅሳ ቀበረችው።

ያን ቀን ብረት ቤቱ ውስጥ አልተከራከረችም። ቤቷ ገብታ ግን በጣም ተናደደች፤ ባሏ ላይ እንኳ እንዲያ ተናዳ አታውቅም።

ንግድ ጽሕፈት ቤቱን የምታውቀው ፈቃድ ልታሳድስ ስትሄድ ነው። እዚያ የምትሠራው ዝናሽ በየዓመቱ «ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት በርበሬ ሸጠው ገዢ ቢከስዎት ይጠየቃሉ» እያለች ታስጠነቅቃታለች። ካሣነሽ ሌሊቱን ይህንን አሰበችው። ለገዢ ብለው እኔን የሚጠይቁ ከሆነ፣ እኔ ስገዛ ደግሞ ስለ እኔ ማን ይጠየቃል? ሽማግሌ ረግጣ መሄዷ እንደሚወራባት ታውቃለች። አባም ይቀየሟታል። ሲነጋ ሄደች።

ዝናሽ ወንበር ሰጥታ «ምን ብሎ ነበር ያስከፈለዎት?» አለቻት።

«የሴቶች ሰዓት አለ ብሎ።»

«አለ?»

«የለም።»

«ይበቃል» አለች ዝናሽ።

ካሣነሽ የቀረውን ጠበቀች። አንችስ ምን ብለሽው ነበር፣ ትንሽ ብትታገሽ ምን አለበት፣ የሚለውን። አልመጣም።

«ምኑ ነው የሚበቃው?» አለች።

«የሌለውን አለ ብሎ ከሸጠልዎት ትቶ መውጣት መብትዎ ነው። ግድግዳው ላይ የለጠፈው አያስርዎትም፤ ልደውልለት።»

አስቻለው ክፉ ልጅ አልነበረም። ሲደወልለት ትንሽ ተከራከረ፣ ከዚያ ገንዘቡን ራሱ ይዞ መጣና አስረክቧት ሄደ። ካሣነሽ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው።

«እንዲህ ያለ ሕግ መኖሩን አላውቅም ነበር።»

«አዋጁ ከወጣ ገና ጥቂት ዓመቱ ነው፣ እማማ።»

«ለባልስ ይሠራል?»

ዝናሽ ሳቀች፤ የካሣነሽን ፊት ስታይ ሳቋን አቆመች። «ለባል ሌላ ሕግ ነው ያለው። መፍታት የምትፈልግ ሴት ፍርድ ቤት ሄዳ ታመለክታለች።»

«እሱም አዲስ ነው?»

«ኧረ እሱስ የቆየ ነው። በሕግ መፋታትማ እኔ ሳልወለድም ነበር።»

ካሣነሽ ዝናሽን ትኩር ብላ አየቻት። ሠላሳ ዓመት ሊሆናት ይችላል። በሩ ላይ ሌላ ባለ ጉዳይ ወረቀት ይዞ ቆሟል።

«ሌላ የቀረ ነገር አለ እማማ?»

«የለም» አለች ካሣነሽ። «ትንሽ ልቀመጥ ብቻ።»